ናፍታው የሚንጠባጠብበትና የሚያፈስበት ቦታ አንድ አይደለም

ጥያቄው ባጭሩ እንዲህ ነው። ሰውዬው ደብረ ብርሃን ነው ያለው። መኪናው በፈረንጅ 1996 ሞዴል ሃይሉክስ፣ ባለ ሁለት ጋቢና፣ ሞተሩ 3ኤል ናፍታ። ድንችና ገብስ ይጭንበታል። ሁለት ወር ሆነው፣ መኪናውን ካቆመበት ሲያነሳ መሬቱ ላይ የናፍታ ኩሬ ያገኛል። ጋቢናው ውስጥ ይሸታል። ጠዋት ጠዋት ደግሞ አልነሳ ይላል፣ ፊልትሮው ላይ ያለውን የእጅ ፖምፓ ሃያ ሠላሳ ጊዜ ካልተጫነው በቀር። አንድ መካኒክ ፊልትሮ ቀየረለት፣ ባሰበት። ሁለተኛው «የማሞቂያ ካንዴላ ነው» ብሎ አራቱንም ቀየረ፣ ምንም ለውጥ የለም። ሦስተኛው «ናፍታውን ወደ ሞተሩ የሚገፋው ዋናው ፖምፓ አልቋል፣ ሌላ ፖምፓ ግዛ» አለው። ዋጋውን ሲሰማ ደነገጠና ጻፈልኝ። ነዳጅ በላብኝም ይላል፣ ለጊዜው የሚይዝ መፍትሔም ይጠይቃል። «ፖምፓውን ልግዛ ወይስ መኪናውን ልሽጠው?»

ሁለቱንም አታድርግ ወንድሜ። ቢያንስ የዚህን ሳምንት ቅዳሜና እሁድ ስጠኝ።

የጻፍከውን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። አንድ ቃል ላይ ቆምኩ፣ «ባሰበት» የምትለው ላይ። ፊልትሮው ከተቀየረ በኋላ ከባሰበት መጀመሪያ የሚጠረጠረው ፖምፓው አይደለም። መጨረሻ ላይ እጅ የገባበት ቦታ ነው። ይሄ በሁሉም መኪና ላይ ይሠራል፣ ስንቱን ሰው ከኪሳራ እንዳዳነው አትጠይቀኝ። ደንበኛ መጥቶ «እንዲህ ሆነብኝ» ሲለኝ ከሁሉ በፊት የምጠይቀው «ከዚያ በፊት ማን ምኑን ነካው?» ብዬ ነው።

ግን ገና ነው፣ ፊልትሮው ላይም አልፈርድም። መጀመሪያ ያልነገርከኝን ነገር ልጠይቅህ። የሚያፈሰው ሞተሩ እየሠራ ነው ወይስ ከጠፋ በኋላ? ልዩነቱ ትንሽ ይመስላል እንጂ ግማሹ ሥራ እሱ ነው። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ይሄን ከያዝክ ሌላውን ራስህ ትደርስበታለህ።

በአንተ ሞተር ላይ ናፍታውን ከሰልባትዮ፣ ማለትም ከነዳጅ ታንኩ፣ እየሳበ የሚያመጣው ራሱ ፖምፓው ነው። ሆዱ ውስጥ ትንሽ መሳቢያ አለችው። ስለዚህ ከሰልባትዮ ጀምሮ በቱቦው፣ በፊልትሮው፣ እስከ ፖምፓው መግቢያ ድረስ ያለው መንገድ በሙሉ ሞተሩ ሲሠራ እየተሳበ ነው። በስትሮ ጭማቂ እንደመጠጣት አስበው። ስትሮው ጎኑ ላይ ቢበሳ ጭማቂው አይፈስም፣ አየር ነው የሚገባው። መኪናህም እንዲሁ ነው። በዚህ በኩል ቀዳዳ ካለ ሞተሩ እየሠራ ጠብታ አታይም፣ አየር ነው የሚስበው። ሞተሩ ሲጠፋ ግን መሳቡ ይቆማል፣ አየሩ በቀዳዳው ይገባል፣ ናፍታው ወደ ሰልባትዮው ይመለሳል፣ ቀዳዳው ከታች በኩል ከሆነ ደግሞ የቀረው ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ጠዋት ቁልፍ ስትመታ ቱቦው ውስጥ ያለው ናፍታ ሳይሆን አየር ነው። ለዚህ ነው የእጅ ፖምፓውን ስትጫን የሚነሳው።

ከፖምፓው በኋላ ያለው ሌላ ዓለም ነው። እዚያ ግፊት አለ። ፖምፓው ሆድ ውስጥ ጥቂት ባር (የግፊት መለኪያ ነው)፣ ናፍታውን ሞተሩ ውስጥ ወደሚረጩት ኖዝሎች በሚሄዱት አራት የብረት ቱቦዎች ውስጥ ደግሞ ከ100 ባር በላይ። በዚህ በኩል ቀዳዳ ካለ ሞተሩ እየሠራ ያፈሳል፣ ነዳጅ ስትሰጠው ይብሳል። ሦስተኛው መንገድ መመለሻው ነው፣ ከኖዝሎቹና ከፖምፓው የተረፈው ናፍታ ወደ ሰልባትዮ የሚመለስበት ቀጭን ቱቦ። እሱ ግፊቱ ትንሽ ነው፣ ሲሠራም ሲጠፋም ያረጥባል።

ስለዚህ ኩሬውን የምታገኘው ካቆምከው በኋላ ከሆነ፣ ጠዋትም እምቢ የሚልህ ከሆነ፣ እኔ ከፖምፓው በፊት ያለውን መንገድ ነው የምጠረጥረው። ሌላም ምልክት አለ። ሰልባትዮው ሙሉ ሲሆን ወይም አፍንጫውን ቁልቁል አድርገህ ስታቆመው ኩሬው ይበዛል? ከበዛ ናፍታው ከሰልባትዮ በራሱ ክብደት ወደ ፊት እየወረደ ነው ማለት ነው፣ ጥርጣሬዬ ይጠነክራል።

አሁን ወደ ሥራው። ከሁሉ በፊት እጠበው። ሰው ይሄን ሲሰማ ይስቃል። ሁለት ወር የፈሰሰ ናፍታ አቧራ ይዞ ሞተሩን እንደ ጭቃ ሸፍኖታል፣ በዚህ ላይ ማንም ቀዳዳ አያገኝም፣ ሦስቱም መካኒኮች ያላገኙት ለዚህ ነው ብዬ እገምታለሁ። ናፍታ ጎበዝ ተጓዥ ነው። ከላይ ይወጣል፣ ቱቦ ተከትሎ ይሄዳል፣ ብሎን ላይ ያርፋል፣ ከዚያ በንፋሱ ወደ ኋላ ይገፋና ማርሽ ሳጥኑ ላይ ይንጠባጠባል። ደንበኛው ከሥር ገብቶ «ማርሽ ሳጥኔ አፈሰሰ» ይላል። የምትፈልገው ጠብታው የሚወድቅበትን ቦታ አይደለም። ከእርጥቡ ቦታ ሁሉ ከፍ ያለውንና ወደ ፊት የቀረበውን ነው።

ስታጥበው ሞተሩ ይቀዝቅዝ። ይሄን አደራ። በሞቀ ፖምፓ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ ከደፋህ፣ በተለይ ሞተሩ እየሠራ፣ ውስጡ ያለው ክፍል ሊነክስ ይችላል። የውስጡ ልክ በጣም ጠባብ ነው፣ ውጪው ሲኮማተር ውስጡ ሳይቀዘቅዝ ይያያዛል። ያኔ ሦስተኛው መካኒክ እውነቱን ይሆናል፣ ፖምፓ ትገዛለህ። ዲናሞውን በፌስታል ሸፍን፣ ኦሞ በሞቀ ውሃ በጥብጥ፣ በብሩሽ ፈትግ፣ አጥበህ አድርቅ። ፖምፓውን፣ ፊልትሮውን፣ የኖዝሎቹን ራስ፣ ቱቦዎቹን። ብረቱ እስኪታይ ድረስ።

ከዚያ ጠመኔ። አዎ፣ የትምህርት ቤት ነጭ ጠመኔ። ፍጨውና በደረቀው ብረት ላይ በብሩሽ ነስንሰው። የሕፃን ፓውደር ካለህም ያው ነው። ናፍታ የነካው ጠመኔ ወዲያው ይጠቁራል፣ ከየት እንደጀመረም መስመሩን ያሳይሃል። ይሄን ቅዳሜ ማታ አድርገው። ሞተሩን አስነሳ፣ ነዳጅ ሳትሰጠው ሚኒሞ ላይ አሥር ደቂቃ ይሥራ፣ በስልክህ መብራት እያበራህ እይ። እጅህ የማይገባበት ቦታ ስልኩን አስገብተህ ቪዲዮ ቅረጽ፣ ከዚያ አጉልተህ አየው። ለዚህ ስል ነው ልጆቼ የሰጡኝን ስልክ የምወደው። ቀጥሎ ረዳት ነዳጅ ይስጥልህ፣ ደግመህ እይ። ከዚያ አጥፋውና ሥሩ ካርቶን ዘርጋበት። ካርቶኑ ላይ የፊት ጎማዎቹን ቦታ በእስክርቢቶ ምልክት አድርግ፣ ጠዋት ጠብታው ከምኑ ሥር እንደወደቀ እንዳታምታታ። እሁድ ጠዋት ቁልፍ ከመምታትህ በፊት ኮፈኑን ክፈት።

እዚህ ላይ ግን አንድ ነገር። የብረት ቱቦዎቹን በእጅህ እየዳሰስክ ቀዳዳ እንዳትፈልግ። ከ100 ባር በላይ የሚወጣ ናፍታ መርፌ ነው፣ ቆዳ በስቶ ይገባል። ሲገባ ብዙም አያምም፣ ትንሽ ነጥብ ብቻ ነው የሚታየው፣ ሰውም ይንቀዋል። ውስጥ ግን ሥጋ ይገድላል፣ ጣት ያስቆርጣል። እንዲህ ከሆነ ነገ ዛሬ ሳትል በዚያው ሰዓት ሆስፒታል ነው። ከጠረጠርክ የካርቶን ቁራጭ በረጅም እንጨት ላይ አስረህ አስጠጋው፣ ካርቶኑ ከረጠበ እዚያ ነው። ዓይንህንም በመነጽር ሸፍን።

አሁን ተጠርጣሪዎቹን ልንገርህ፣ እኔ በምፈትሽበት ቅደም ተከተል።

መጀመሪያ ፊልትሮው። የአንተ ፊልትሮ ከሥሩ የውሃ ማፍሰሻና ውሃ ሲኖር ሾፌሩ ፊት ባለው ክሩስኮት ላይ መብራት የሚያበራ ሴንሰር አለው። ፊልትሮ ሲቀየር ይሄ ሴንሰር ከአሮጌው ተፈትቶ አዲሱ ላይ ይገባል። ጎሚኒ፣ እንዳያፈስ የሚያሽግ የላስቲክ ቀለበት፣ አለው። አዲሱ ጎሚኒ ከፊልትሮው ጋር በካርቶኑ ውስጥ ይመጣል፣ ግን ስንቱ መካኒክ ካርቶኑን ሳያራግፍ ይጥለዋል! የቆየው ጎሚኒ ጠፍጥፎ ደርቋል፣ መልሰህ ስታስገባው አይዝም። ከላይ በኩል ደግሞ ሌላ ስህተት አለ። የአሮጌው ፊልትሮ ትልቁ ጎሚኒ ራሱ ላይ ተለጥፎ ይቀርና አዲሱ በላዩ ይታሰራል። ሁለት ጎሚኒ አንድ ላይ። ለጥቂት ቀን ይይዛል፣ ከዚያ ይንሸራተታል። ፈትተህ እይ፣ አምስት ደቂቃ አይፈጅም። አንተ ያልከው ሁሉ፣ ማለትም ቆሞ ማፍሰሱ፣ ጠዋት እምቢ ማለቱ፣ ከፊልትሮው በኋላ መባሱ፣ እዚህ ቦታ ላይ ቁጭ ብሎ ይገጥማል። ገንዘብ ማስያዝ ካለብኝ እዚህ ነው የማስይዘው። ጋቢናው ውስጥ መሽተቱ ብቻ ትንሽ ያጠራጥረኛል፣ እሱ ሌላ ተጨማሪ ቀዳዳም ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ አንድ አገኘሁ ብለህ አትቁም።

ከፊልትሮው ራስ ላይ ያለው የእጅ ፖምፓም ያረጃል። ውስጡ ላስቲክ አለ፣ ሲሰነጠቅ ከመጫኛው ሥር ያረጥባል፣ አየርም ይስባል። የሚገርመው ነገር ይሄው የእጅ ፖምፓ ጥሩ መመርመሪያ ነው። ሞተሩ ጠፍቶ እያለ ጠንክሮ እስኪይዝ ድረስ ተጫነው፣ ከዚያም ጨምርበት። እንዲህ ስታደርግ ሲሳብ የነበረው መንገድ፣ ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ያለው፣ ለጊዜው በግፊት ይሆናል። አየር ሲስብ የነበረው ቀዳዳ አሁን ናፍታ ያለቅሳል። ስንት ሰው ይሄን ሳያውቅ ሰው አስጠርቷል።

ከሰልባትዮ እስከ ፊልትሮ ያለውን ግን በእጅ ፖምፓ አትይዘውም፣ እሱ ከኋላው ነው። ለዚያ ጄሪካን ያስፈልግሃል። ንጹሕ ናፍታ በጄሪካን አድርግ፣ ከሞተሩ ከፍ አድርገህ በደንብ እሰረው፣ ከሰልባትዮ የመጣውን ቱቦ ከፊልትሮው ንቀልና ድፈነው፣ በቦታው ከጄሪካኑ የመጣ ቱቦ ሰካ። በዚህ ሁኔታ ይደር። ጠዋት አንዴ ሲመታ ከተነሳና ከፊልትሮው እስከ ፖምፓው ያለው ደረቅ ከሆነ ጥፋቱ ከኋላ ነው፣ ከሻሲው ሥር በሚሄደው የብረት ቱቦ ወይም ሁለቱ ጫፍ ላይ ባሉት ላስቲኮች። የብረቱ ቱቦ ከሻሲ ጋር የሚታሰርበት ቦታ ጭቃ ይይዛል፣ ዝገት ከዚያ ነው የሚጀምረው። እንዲህ አድርገህ ግን መንገድ እንዳትወጣ፣ ግቢ ውስጥ ብቻ።

ሌላው የምወደው ዘዴ የሚያሳይ ቱቦ ነው። ከፊልትሮው ወደ ፖምፓው በምትገባው ላስቲክ ቦታ፣ አንድ ስንዝር የሚሆን ውስጡ የሚታይ የነዳጅ ቱቦ አስገባ። ሞተሩ እየሠራ አየው። ሲነሳ ጥቂት አረፋ ቢያልፍ ግድ የለም። እንደ ቢራ የሚያረፋ ከሆነ ግን በፊልትሮው ወይም ከእሱ በፊት ባለው መንገድ አየር እየገባ ነው። ጠዋትም ከማስነሳትህ በፊት ተመልከተው፣ ባዶ ከሆነ ናፍታው ማታውን ተመልሶ ሄዷል። ሥራው ሲያልቅ አውጣው፣ ቋሚ መፍትሔ አይደለም፣ ሙቀትና ናፍታ ያደርቀዋል።

ቀጥሎ የኖዝሎቹ መመለሻ። አራቱን ኖዝሎች ከላይ የሚያገናኝ ቀጭን የብረት ቱቦ አለ፣ በዳዶና በሮንዴላ (ከዳዶው ሥር በሚገባ ስስ ቀለበት) የታሰረ፣ ጫፉ ላይ ደግሞ ጣት የምታህል ላስቲክ ሰክቶ ወደ ፖምፓው መመለሻ ይሄዳል። ይቺን ላስቲክ በሁለት ጣትህ እጠፋት። ከተሰነጠቀች ጣላት።

ስለ እሷ አንድ ነገር ልንገርህ፣ ስቀህ እርሳው። ሥራ በጀመርኩ በሁለተኛው ዓመት ነው፣ ከአንተ ሞተር ጋር አንድ ቤተሰብ የሆነ 2ኤል ሞተር ያለው መኪና መጣ። ፖምፓው ከላይ እስከ ታች ረጥቦ ነበር። እኔም «ፖምፓ ነው» አልኩ፣ አወረድኩት፣ ለፖምፓ ባለሙያ ሰጠሁ፣ ሁሉም ጎሚኒ ተቀየረ፣ ሰውዬው ብዙ ብር ከፈለ፣ መለስኩት። በሦስተኛው ቀን መኪናው ረጥቦ ተመለሰ። አለቃዬ መጣ፣ ምንም አልተናገረም፣ ያቺን ላስቲክ ነቅሎ በብርሃን አየና መዳፌ ላይ አስቀመጣት። ፀጉር የምታህል ስንጥቅ። ናፍታው ከሷ ወጥቶ ፖምፓው ራስ ላይ ነበር የሚያርፈው። የፖምፓውን ብር ከደመወዜ መለስኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ረጥቦ ያየሁትን ፖምፓ ሁሉ ቀና ብዬ ከላዩ ምን እንዳለ ሳላይ አልነካውም።

የብረት ቱቦዎቹን ስታይ አንድ ላይ የሚያስሯቸውን ትንንሽ ማሰሪያዎች ተመልከት። በአሮጌ መኪና ብዙ ጊዜ የሉም። አንዱ መካኒክ ይፈታቸዋል፣ ቀጣዩ ሳይመልሳቸው ይቀራል። ያለ ማሰሪያ ቱቦው ይንቀጠቀጣል፣ ከዳዶው አጠገብ ይሰነጠቃል። ቱቦው ከተሰነጠቀ አይበየድም። ይቀየራል። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ፣ የመኪና ዕቃ ገበያው፣ ያገለገለ ሙሉ አራቱ ይገኛል፣ ግን የሞተሩን ዓይነት ተናገር፣ አጣሞ ለማስገባት እንዳትሞክር። ዳዶው ላይ ብቻ ካለቀሰ ግማሽ ዙር ፈታ አድርገህ፣ ጠርገህ፣ መልሰህ እሰረው። አሁንም ካለቀሰ በኃይል አትጨምርበት፣ የቱቦው ጫፍ ይጨፈለቅብሃል።

በፖምፓው መግቢያና መመለሻ ላይ መሃላቸው የተበሳ ብሎኖች አሉ፣ በግራና ቀኝ የመዳብ ሮንዴላ ይዘው። ሮንዴላው አንዴ ከተጨፈለቀ ደነደነ፣ ደግመህ ስታስረው አይዝም። አዲስ ካጣህ አሮጌውን በእሳት እስኪቀላ አሙቀህ አቀዝቅዘው፣ ይለሰልሳል፣ በጥሩ ወረቀት አጽዳና መልሰው። የድሮ ሰዎች ዘዴ ነው፣ ይሠራል። አንድ ማስጠንቀቂያ ግን አለኝ። ሁለቱ ብሎኖች ይመሳሰላሉ እንጂ አንድ አይደሉም። የመመለሻው ራሱ ላይ «አውት» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ አለው፣ ውስጡ ያለው ቀዳዳም መርፌ የምታክል ናት። ፖምፓው ውስጥ ግፊት እንዲቆይ የምታደርገው እሷ ናት። ካቀያየርካቸው ናፍታው በጠባቡ እየገባ በሰፊው ይወጣል፣ መኪናው ዳገት ላይ ይሞትብሃል፣ ያኔ ደግሞ ሌላ በሽታ ስትፈልግ ትከርማለህ።

በል አሁን ወደ ፖምፓው እንምጣ። ሦስተኛው መካኒክ ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አላልኩም። ይሄ ፖምፓ የሚያፈስባቸው የታወቁ ቦታዎች አሉት። ከላይ የነዳጅ መስጫው ክንድ የሚገባበት ዘንግ አንዱ ነው፣ ጎሚኒው ያልቃል፣ ሞተሩ ሲሠራ ያረጥባል፣ ሲጠፋ ደግሞ አየር ያስገባል። ክንዱን በእጅህ ወደ ጎን ስትገፋው ከተንገጫገጨ ዘንጉ ራሱ ተበልቷል። ሌላው ከኋላ፣ አራቱ የብረት ቱቦዎች ከሚወጡበት ራስ ጋር ያለው ትልቁ ክብ ጎሚኒ። ከላይ ያለው ክዳንም አለ። እነዚህ ሁሉ ጎሚኒ ናቸው። ጎሚኒ አለቀ ማለት ፖምፓ አለቀ ማለት አይደለም። ሙሉ የጎሚኒ ስብስብ ይሸጣል፣ ደህና የፖምፓ ባለሙያ ፈትቶ ይቀይረዋል። ያገለገለ ፖምፓ ብትገዛ እኮ የሚመጣልህ ያው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሆነው የሌላ ሰው ጎሚኒ ነው።

አንድ ቦታ ላይ ግን አልቀልድም። ፖምፓው የሚዞረው በታይሚንግ ቺንጋ፣ ማለትም ጥርስ ባለው የሞተር ቀበቶ፣ ነው፣ ቺንጋው ከፊት በፕላስቲክ ክዳን ተሸፍኗል። ጠመኔው ከዚያ ክዳን ሥር ከጠቆረ፣ የፖምፓው የፊት ዘንግ ጎሚኒ ሄዷል ማለት ነው፣ ናፍታውም ቺንጋው ላይ እየፈሰሰ ነው። ናፍታ የጠጣ ቺንጋ ያብጣል፣ ይለሰልሳል፣ ጥርሱ ይነቀላል። በዚህ ሞተር ላይ ቺንጋ ሲበጠስ ፒስተኖቹ ባልቦላዎቹን ይመታሉ። ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ይወርዳል። እንዲህ ካየህ የጣርማ በርን ዳገት ልውጣ እንዳትል፣ መኪናው ይቁም፣ ጎሚኒውም ቺንጋውም አብረው ይቀየሩ።

ፖምፓው የሚወርድ ከሆነ አጠገቡ ቁም። ፖምፓው ከሞተሩ ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ በቀጭን ብረት መስመር ይሰመርበት፣ ሲመለስ መስመሩ መስመሩን ይግጠም፣ አለዚያ ሞተሩ ያጨሳል ወይም ይንኳኳል። የነዳጅ መስጫው ክንድም ከዘንጉ ከመውጣቱ በፊት ምልክት ይደረግበት። ከኋላ ያለውን የታሸገ የነዳጅ መጠን ብሎን ደግሞ ማንም «ትንሽ ጉልበት ልጨምርልህ» ብሎ እንዳያዞረው። ጉልበቱ ጥቁር ጭስ ሆኖ ነው የሚወጣው።

ስለ ጊዜያዊ መፍትሔ ጠይቀህ ነበር። ሰልባትዮ ከተበሳ የልብስ ሳሙና እየፈተጉ ማሸት ያውቃሉ ሾፌሮች ሁሉ፣ ለመድረስ ያህል ይይዛል። ላስቲክ ላይ ግን የከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) ቁራጭ አትጠምጥም፣ ናፍታ ያቀልጠዋል፣ የቀለጠው ደግሞ ፊልትሮ ይደፍናል። ነጭ የቧንቧ ጥቅልል ወይም ሲሊኮን የነዳጅ ብሎን ላይ አይታሰብም፣ ፍቅፋቂው ፖምፓ ውስጥ ይገባል። ላስቲክ ስትገዛ «የነዳጅ» ብለህ ግዛ። የውሃ ላስቲክ በወሩ እንደ ማስቲካ ይሆናል። ላስቲኩን የሚያስረው ፋሸታም ከላስቲኩ ልክ ጋር ይሁን፣ በጣም የጠበቀ ፋሸታ ራሱ ላስቲኩን ይቆርጠዋል።

«ነዳጅ በላብኝ» ስላልከው ደግሞ፣ ሒሳብ እንሥራ። በየሰከንዱ አንድ ጠብታ ቢወድቅ፣ ሃያ ጠብታ አንድ ሚሊ ሊትር ነው ብለን ብንይዝ፣ በደቂቃ 3 ሚሊ ሊትር፣ በሰዓት 180 ነው። አሥር ሰዓት ብትነዳ 1.8 ሊትር። ደህና ገንዘብ ነው። የጎደለህ ከዚያ በብዙ የሚበልጥ ከሆነ ግን በጠብታ ብቻ አልሄደም፣ ኖዝሎቹን ማስፈተሽ፣ የጎማ ንፋስንና ፍሬኑ ጎማውን ይዞ መቅረት አለመቅረቱንም ማየት ነው።

ሌላ ሞተር ያላችሁም እንዳትጠፉ። አሮጌው አይሱዙ ፒክአፕ ላይ ያለው 4ጄቢ1 ፖምፓው የሚዞረው በጥርስ ነው፣ የፊቱ ጎሚኒ ሲሄድ ናፍታው ወደ ውጪ ሳይሆን ወደ ሞተር ዘይት ይገባል። መሬቱ ደረቅ ነው፣ ዘይቱ ግን በየቀኑ እየጨመረ ይሄዳል። ዘይት ሲጨምር ደስ አይበላችሁ፣ ቀጥነዋል ማለት ነው። የዛሬዎቹ ኮመን ሬይል የሚባል የናፍታ አሠራር ያላቸው ሃይሉክሶች ደግሞ ከ1000 ባር በላይ ስለሚሠሩ የብረት ቱቦ ዳዶ ፈታ እያደረጋችሁ አትሞክሩ። 22አር የሚባለው የቤንዚን ሞተር ያላችሁ ይሄን ሁሉ ጠመኔና ካርቶን ተዉት። ቤንዚን ሲያፈስ ሞተሩን አታስነሱ፣ የባትሪው ገመድ ይነቀላል፣ መኪናው በእጅ ተገፍቶ አየር ወዳለበት ይወጣል፣ ከዚያ ነው ፍለጋው የሚጀመረው።

አንተ ግን ናፍታ ነህ፣ ቅዳሜም ቅርብ ነው። መጀመሪያ እጥበቱ፣ ቀጥሎ ፊልትሮውን ፈትተህ ከሥር ያለችውን የሴንሰሩን ጎሚኒ እያት፣ ጠፍጣፋ ከሆነች አዲስ ግዛ፣ ከማስገባትህ በፊት ናፍታ ቀባት፣ ሴንሰሩን በእጅህ ብቻ እሰረው። ከዚያ ጠመኔው፣ ካርቶኑ። እሁድ ጠዋት የእጅ ፖምፓውን ሳትነካ ቁልፉን ምታ። ከተነሳና ጠመኔው ነጭ ከሆነ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሂድ። ከጠቆረም ሞተሩን አጥፍተህ ፎቶ አንስተህ ላክልኝ፣ ከላይ የቱ ጋ እንደጀመረ ጣትህን አስጠግተህ እያሳየህ።